ስለ «ኒው ሙን» ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ የ«ትዋይላይት» ፊልሞች ወሬ ከተነሳ እኔ ባለሁበት ክርክር አይጠፋም። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ይወዳል። ሠርጉንና ልጁን ብሎ የመጨረሻዎቹን የሚመርጥም ብዙ ነው። ሁለተኛውን፣ «ኒው ሙን»ን ግን ሰው ዘሎት ያልፋል። እኔ ደግሞ ከአምስቱም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። በሥራ ቦታም፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ስንጠጣም የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ፊልሙን ያላያችሁ ተጠንቀቁ፤ መጨረሻውን ሳይቀር እናገራለሁ።

«ኒው ሙን» የትኛው ነበር?

ቤላ የምትባል ልጅና ኤድዋርድ የሚባል ቫምፓየር የሚዋደዱበት ተከታታይ ታሪክ ሁለተኛው ክፍል ነው። ስቴፈኒ ሜየር መጽሐፉን ያወጣችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ፊልሙ በኖቬምበር 2009 ወጣ፤ በእኛ ኅዳር 2002 መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ካትሪን ሃርድዊክ ነበረች የሠራችው። ይሄኛውን ክሪስ ዋይትስ ተረከበ። ቤላን ክሪስተን ስቱዋርት፣ ኤድዋርድን ሮበርት ፓቲንሰን፣ የቤላን ጓደኛ ጄኮብን ቴይለር ላውትነር ይጫወታሉ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤላ 18 ዓመት ይሞላታል። የኤድዋርድ ቤተሰቦች ልደቷን ያከብሩላታል። ስጦታ ስትከፍት ወረቀቱ ጣቷን ይቆርጣታል። ትንሽ ደም ስትወጣ የኤድዋርድ ወንድም ጃስፐር ራሱን መቆጣጠር ያቅተውና ይዘልባታል። ኤድዋርድ ከዚህ በኋላ አብረን ከቆየን ትሞትብኛለች ብሎ ይወስናል። ጫካ ይወስዳትና «አልፈልግሽም» ብሎ ይዋሻታል። ከዚያ ከነቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ይሄዳል። ቀሪው ፊልም በአብዛኛው እሱ የሌለበት ነው።

የልደቷ ቀን ሴፕቴምበር 13 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3፣ ገና የእንቁጣጣሽ ሽታ ከቤት ሳይወጣ ማለት ነው። እኛ አደይ አበባ ይዘን ዓመቱን በምንቀበልበት ሳምንት ለእሷ ክረምቱ ይገባል። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ የልደቱን ትዕይንት ሳይ ሆዴ ይባባል።

ያን ሁሉ ብር ያስገባ ፊልም እንዴት «ያልተመሰገነ» ይባላል?

ብር አስገብቷል፤ እውነት ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ብቻ ከ142 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከ700 ሚሊዮን አልፏል። ግን ያን ሕዝብ ሲኒማ ቤት ያስገባው የመጀመሪያው ፊልም ፍቅር ነው። ሰው ኤድዋርድን ሊያይ መጣ፤ ኤድዋርድ ግን ተሰናብቶ ወጣ። ሐያስያንም አላዘኑለትም። ዛሬ አምስቱን በደረጃ አስቀምጡ ቢባል ብዙዎች ይሄኛውን ወደ ታች ይገፉታል። ትኬቱ ተሸጠ እንጂ ፊልሙ አልተወደደም።

ፊልሙ ውስጥ ምንም አይፈጠርም። ምኑ ነው የሚታየው?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይሄ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የሆነ ቦታ ሲደርስ ግራ ይጋባል። አንዱ ገጽ ላይ «ኦክቶበር» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ገልበጥ ሲያደርግ «ኖቬምበር» ይላል። ከዚያ «ዲሴምበር»፣ ከዚያ «ጃንዋሪ»። የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። ታሪኩን የምትተርክልን ቤላ ራሷ ናት። እሷ ዝም ስትል መጽሐፉም ዝም ይላል። ደራሲዋ «እንዲህ አለቀሰች፣ እንዲህ ሆነች» እያለች ብዙ ገጽ መሙላት ትችል ነበር። ወር ብቻ ጽፋ አለፈች። እኔ በዚህ ዓይነት የፍቅር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ደፋር ገጽ አላየሁም።

ፊልም ደግሞ ባዶ ገጽ የለውም። ዋይትስ ያመጣው መላ እንዲህ ነው። ቤላ ክፍሏ ውስጥ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ካሜራው ቀስ ብሎ ይዞራታል። ዞሮ መስኮቱ ጋ ሲመለስ ውጭ ወሩ ተቀይሯል። እንደገና ይዞራል፤ በረዶ ጥሏል። እሷ እዚያው ናት። ከኋላ የስዊድናዊቷ የሊኪ ሊ ዘፈን ይሰማል። ከልቡ አዝኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ወንበር ያውቀዋል። ውጭ ሰው ሥራ ይውላል፣ ገበያ ይወጣል፣ ይሥቃል። እናንተ ግን ስንት ቀን እንዳለፈ አትቆጥሩትም።

ከዚያ ኢሜይሎቹ አሉ። ቤላ ከኤድዋርድ ቤተሰብ ጓደኛዋ ለነበረችው ለአሊስ ትጽፋለች። አድራሻው ተዘግቷል። ደብዳቤው አልደረሰም ተብሎ ይመለስባታል። እንደማይደርስ እያወቀች ትጽፋለች። ሥራ ላይ በማይውል ስልክ ቁጥር መልእክት የላከ ሰው ምን እያደረገች እንደሆነ ይገባዋል።

አባቷ ቻርሊም አለ። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ነው። ልጁ ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች፤ እሱ ምን እንደሚላት አያውቅም። «ወደ እናትሽ ልላክሽ?» ይላታል። ብዙ ቃል የለውም፤ ግን አለ። ከጎኗ ነው። ቢሊ በርክ ይህን አባት ሲጫወት ፊቱ ላይ የሚታየውን ጭንቀት አስተውሉት። ድራጎንና ሰይፍ ባለበት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት አናገኝም። ይመጣል፣ ይሞታል፣ ልጁ ጉዞ ትጀምራለች። እዚህ ግን አባት ቁጭ ብሎ የልጁን ዝምታ ይችላል።

በትዝታ ቅኝት ያደገ ጆሮ ይህን ፊልም ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ትዝታ ውስጥ ነገሩ አይራመድም። ዘፋኙ አንድ ቦታ ቆሞ የሄደውን ሰው ይጠራል። ይመላለሳል፣ ያንኑ ይደግማል፣ አሁንም ይጠራል። «ይሄ ዘፈን ምንም አይፈጠርበትም» ያለ ሰው ግን አልገጠመኝም።

አንድ ወንድ ጥሏት ስለሄደ እንዲህ መፍረስ አይበዛም?

ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን። ዕድር ይመጣል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ሐዘንተኛዋ አልበላም ብትል እንኳ ያጎርሷታል። ማንም «በቃ ተነሽ» አይላትም። ፍቅረኛዋ ለተዋት ልጅ ግን ድንኳን የለም። «እርሺው» ትባላለች። «ዕድሜሽ ገና ነው፣ ሌላ ይመጣል» ትባላለች። በሳምንቱ ሥራ ገብታ እንድትሥቅ ይጠበቅባታል። ስታለቅስ ከታየች ደግሞ መሳቂያ ትሆናለች። እኔ «ኒው ሙን» ልቤ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ያቺን ልጅ ተነሺ አይላትም። አብሯት ይቀመጣል።

ደግሞ የቤላን ሐዘን «አንድ ወንድ» ብለን ማሳነስ ልክ አይደለም። በአንድ ጊዜ የጠፉባት 7 ሰዎች ናቸው። ኤድዋርድ አለ። እንደ እኅት የምታያት አሊስ አለች። እንደ እናትና አባት የተቀበሏት ኤስሚና ካርላይል አሉ። ሮዛሊ፣ ኤሜትና ጃስፐርም አሉ። ቤቱ ባዶ ሆኗል። መጽሐፉ ላይ ኤድዋርድ ፎቶውንና ስጦታውን ሳይቀር ከዓይኗ ይሰውርባታል። እንደነበረ የሚያሳይ ነገር በእጇ የለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ለማንም መናገር አለመቻሏ ነው። ቫምፓየር መሆናቸው ምስጢር ነው። አባቷ «ምን ሆንሽ?» ሲላት ግማሹን እንኳ ልትነግረው አትችልም። እዚህ ሐዋሳም በምስጢር የተዋደደ ሰው ሞልቷል። ቤተሰብ ስለማይፈቅድ፣ ሃይማኖት ስለሚለያይ፣ ወይ በሌላ ምክንያት። ሲለያዩ ማንም አያጽናናቸውም፤ መጀመሪያውኑ የሚያውቅ የለማ። ይህን ፊልም ከሁሉ ቀድመው ሊያዩት የሚገቡት እነሱ ይመስሉኛል።

ኤድዋርድ ግን ለእሷው ብሎ አይደል የሄደው?

አዎ፣ ለእሷው ብሎ ነው። ግን ብቻውን ወሰነ፤ ዋሸ፤ ጫካ ውስጥ ጥሏት ሄደ። ፊልሙ ይህን ያደንቅለታል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። መጨረሻውን ተመልከቱ። ቤላ ኤድዋርድን ከሞት አትርፋ ከጣሊያን ከተመለሰች በኋላ የኤድዋርድን ቤተሰብ ሁሉ ትሰበስባለች። እንደ እነሱ ቫምፓየር ልሁን አልሁን፣ ድምፅ ስጡ ትላለች። በየተራ ይናገራሉ። ኤድዋርድና ሮዛሊ አይሆንም ይላሉ፤ ሌሎቹ ይፈቅዳሉ። በጉዳዩ ላይ የኤድዋርድ ድምፅ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ሆነ።

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰው ብቻውን የሁለት ሰው ዕጣ ይወስናል። ሲያልቅ ጉዳዩ ቤተሰብ ፊት ይቀርባል። ትዳር ሲናወጥ ሽማግሌ የምናስገባ ሕዝብ ነን። አንዱ ወገን ዝም ብሎ ሻንጣውን ይዞ ቢወጣ እንደ ትልቅ ነውር እናየዋለን። ስለዚህ ያ ስብሰባ ለእኛ ተመልካች ከማንም በላይ ሊገባው የሚችል ትዕይንት ነው። ሰው ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን የኤድዋርድን የጋብቻ ጥያቄ ያስታውስና ስብሰባውን ይረሳል።

አንቺ «ቲም ጄኮብ» (ቤላ ጄኮብን ትምረጥ ከሚሉት) ነሽ ማለት ነው?

አይደለሁም። ጄኮብን ግን በደንብ እወደዋለሁ፤ የምወደውም በዚህ ክፍል ነው።

ብዙ ሰው ስለ ላውትነር ሰውነት ነው የሚያወራው። በሁለተኛው ታሪክ ጄኮብ ገዝፎ ስለሚመጣ ስቱዲዮው ሌላ ተዋናይ ለመተካት አስቦ ነበር። ላውትነር ጂም ገብቶ ወደ 14 ኪሎ ገደማ ጨመረና ቦታውን አስከበረ። የሚደነቅ ነው። እኔ ግን የምወደው ጋራዡን ነው።

ቤላ ሁለት የተጣሉ ሞተር ሳይክሎች ይዛ ትመጣለች። ጄኮብ ይፈታቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ይገጥማቸዋል። እሷ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ያወራሉ። ቀኑ ያልቃል፣ ሌላ ቀን ይመጣል። እንደገና ስትሥቅ የምናያት እዚያ ነው። ምክር አይሰጣትም። «እሱን እርሺው» አይላትም። ሥራ አለ፣ ዘይት የነካው እጅ አለ፣ የሚሥቅ ጓደኛ አለ። ከሐዘን የሚያወጣው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ተራ ነገር መሆኑን ፊልሙ በትክክል ያውቃል።

ከዚያ ጄኮብም ይርቃታል። ወደ ተኩላ መለወጥ ጀምሯል፤ ሊነግራት አይችልም። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ክንዱን ተነቅሶ፣ ፊቱን አጥቁሮ ይመጣና አትምጪብኝ ይላታል። ቤላ ሁለት ጊዜ ተተወች። ሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ ምስጢር ነው፤ ሁለቱም ጊዜ «ለአንቺው ብዬ ነው» ነው። ይህ መደጋገም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የሚገርመው ጄኮብ ከኤድዋርድ ይለያል፤ ማታ በመስኮት ይመጣና ፍንጭ ይሰጣታል፣ ራሷ እንድትደርስበት ይረዳታል። ምስጢሩን መሸከም እንደምትችል አመናት። በእኔ ግምት የዚህ ክፍል ትልቁ የፍቅር ሥራ ይሄ ነው፤ የሠራውም ጓደኛዋ ነው።

ኤድዋርድ እንደ ጥላ ብቅ የሚለው ለምንድን ነው? ግራ አጋባኝ።

መጽሐፉ ላይ አይታይም። ቤላ አደጋ ውስጥ ስትገባ ድምፁን ብቻ ትሰማለች። ሞተር ሳይክል ላይ ስትወጣ፣ የማታውቃቸው ወንዶች ጋ ስትጠጋ፣ ከገደል ስትዘል። ድምፁን ለመስማት ስትል አደጋ ትፈልጋለች። ፊልሙ ድምፁን ጭስ በሚመስል ምስል ተካው። ፓቲንሰንን የሚያህል ኮከብ ለረጅም ሰዓት ሳያሳዩ መቆየት ስለከበዳቸው ይመስለኛል። እኔ ድምፁ ብቻ ቢሆን እመርጥ ነበር። የሄደ ሰው ድምፅ ጆሮ ውስጥ ሲቀር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

ለምንድን ነው ከመጀመሪያው ፊልም የተለየ የሚመስለው?

ቀለሙ ስለተቀየረ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ሰማያዊና ቀዝቃዛ ነው። ዋይትስና ካሜራውን የያዘው ስፔናዊው ኻቪየር አጊሬሳሮቤ ወደ ቡናማና ወርቃማ አመጡት። ሐዘን ያለበት ፊልም ጨለም ይላል ብለን እንጠብቃለን። እዚህ ግን ቀለሙ ይሞቃል። እኔ ሲገባኝ ያ የትዝታ ቀለም ነው፤ ያለፈ ነገር ስናስታውሰው ሁልጊዜ ከነበረው ይበልጥ ያምራል። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ ስትገባ ውሃው የሚይዘውን ቀለም የምታውቁ የትኛውን ቀለም እንደምል ገብቷችኋል።

ሙዚቃውን የሠራው ፈረንሳዊው አሌክሳንድር ዴስፕላ ነው። ፒያኖው ሳይጮህ ያሳዝናል። የዘፈኖቹ አልበም ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ወጥቷል፤ የሬዲዮሄድ ባንዱ ድምፃዊ ቶም ዮርክም አለበት። ፊልሙን ያልወደዱ ሰዎች እንኳ ይህን አልበም ይሰሙታል።

ጣሊያን ውስጥ ያለው ክፍል ከየት መጣ? ሌላ ፊልም የገባሁ መሰለኝ።

ከሮሚዮና ዡልየት ነው የመጣው። በከበደ ሚካኤል ትርጉም ያነበባችሁ ወዲያው ትደርሱበታላችሁ። እዚያ ዡልየት ሞታለች የሚል የተሳሳተ ወሬ ሮሚዮን ይገድለዋል። እዚህም ኤድዋርድ ቤላ ሞታለች ብሎ ያምናል። ስልክ ይደውላል። ጄኮብ ያነሳና የቤላ አባት ቀብር ላይ ነው ይለዋል። ቀብሩ የሌላ ሰው ነው፤ ኤድዋርድ ግን የእሷ መሰለው። ሊሞት ወደ ጣሊያን ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ገብቶ ማንነቱን ለሕዝብ ቢያሳይ ቮልቱሪ የሚባሉት የቫምፓየሮች ገዢዎች ይገድሉታል።

ታሪኩ ቮልቴራ በምትባል ከተማ ነው የሚሆነው። የተቀረፀው ግን ሞንቴፑልቻኖ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ቶስካና ውስጥ ያሉ እውነተኛ ከተሞች ናቸው። አደባባዩ ቀይ ካባ በለበሰ ሕዝብ ተሞልቷል። ሰዓቱ 6 ሊሞላ ነው። ቤላ እየተጋፋች ትሮጣለች። ትደርሳለች! ዡልየት አርፍዳ ነቃች፤ ቤላ ቀደመች። ፊልሙ ዘገምተኛ ነው የሚሉኝ ይህን ሩጫ የት እንደሚያስቀምጡት አላውቅም። ማይክል ሺን አሮ የተባለውን የቮልቱሪ መሪ ሆኖ ሲሥቅ ደግሞ ከቁጣ የበለጠ ያስፈራል።

መጽሐፉ ላይ የምወደው አንድ ነገር አለ፤ ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ጎልቶ አልመጣም። ቤላ ስለ ፓሪስ ታስባለች፤ ዡልየትን ሊያገባ የነበረውን ማለቷ ነው። ሮሚዮ ጥሏት ቢሄድስ? ፓሪስ ደግሞ ክፉ ሰው ሳይሆን ጓደኛዋ ቢሆንስ? ዡልየት ምን ታደርግ ነበር? ጄኮብን እያሰበች ነው። የታወቀ ታሪክ ወስዶ ማንም ያልጠየቀውን ሰው መጠየቅ ጥሩ ደራሲነት ነው።

ድክመት የለውም?

አለው። ተኩላዎቹ አንዳንድ ቦታ ኮምፒውተር ላይ እንደተሠሩ ያስታውቃሉ። ወንዶቹ ልጆች ዝናብ ውስጥ ያለ ሸሚዝ የሚዞሩበት ብዛትም ታሪኩን አይጠቅምም።

ትልቁ ግን ሌላ ነው። ጄኮብና ሌሎቹ ተኩላዎች የሚወለዱበት፣ ኪሊዩት የተባለው ሕዝብ በእውነት ያለ ሕዝብ ነው። ዋሽንግተን ግዛት፣ ላ ፑሽ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ይኖራል። ከተኩላ ወደ ሰው እንደተለወጡ የሚናገር የቆየ አፈ ታሪክ አላቸው። ከቫምፓየር ጋር ያለው ጠላትነት ግን የደራሲዋ ፈጠራ ነው። የሕዝብን ቅዱስ ነገር ወስዶ እንዲህ መቀላቀል ከባድ ነው። እኛ አገር «ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል» እየተባለ ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተገልሏል። ሰው አውሬ ይሆናል የሚል ወሬ እውነተኛ ሕዝብ ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚያስከትል እናውቃለንና ይህን ፊልም ስናይ እነሱ ሕያው ሕዝብ መሆናቸውን አንርሳ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ብታየው ችግር አለው?

አብረዋት ቢያዩት ደስ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ይጠንቀቅ የሚል ነው። ከመሳሳም ያለፈ ነገር የለውም። እርስዎን ሊያሳስብዎት የሚገባው አደጋው ነው። ቤላ የሄደውን ልጅ ድምፅ ለመስማት ብላ ራሷን አደጋ ላይ ትጥላለች፤ ከገደል ወደ ባሕር ትዘላለች። ይህን ሳይነጋገሩበት አይለፉ። «አንቺ ብትሆኚ ለማን ትነግሪያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። ልጅዎ ሰሞኑን ያዘነች ከሆነ፣ ወይም ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች ፊልሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ የሕክምና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት።

መጽሐፉ ይሻላል ፊልሙ?

ለባዶዎቹ ገጾች፣ ለድምፁና ለፓሪስ ሲባል መጽሐፉ። ለወንበሩ፣ ለአባቷና ለቀይ ካባው ሲባል ፊልሙ። አንዱን ብቻ ምረጪ ካላችሁኝ ፊልሙን እላለሁ፤ ስቱዋርት በዝምታ የምታሳየውን መጽሐፉ ብዙ ቃል ያወጣበታል።

እንዴት ልየው?

የመጀመሪያውን ፊልም ካላያችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ አለበለዚያ የልደቱ ቀን አያሳዝናችሁም። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በአንድ ጊዜ ጨርሱት። ምሽት ላይ ይሁን፣ ከተቻለ በክረምት። ታሪኩ የሚካሄድባት ፎርክስ በዓመት ከ2500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ከሐዋሳ ዝናብ እጥፍ ይበልጣል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እየወረደ ማየት ይስማማዋል።

በእንግሊዝኛው እዩት፤ ጽሑፍ ከሥሩ አድርጉ። ስቱዋርት ቃሏን ዋጥ ታደርጋለች፤ ያለ ጽሑፍ ያመልጣችኋል። በትርጉም ካገኛችሁት ግን ባይሆን ይሻላል። የትርጉም ፊልም ተራኪዎቻችን ጎበዞች ናቸው፤ በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ፊልም ያስወደዱን እነሱ ናቸው። ሙያቸው ግን ዝምታውን መሙላት ነው። ይህ ፊልም ዝምታው ከተሞላ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ወዲያው «ኢክሊፕስ»ን ልቀጥል?

ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ። «ኢክሊፕስ» በ2010 የወጣ፣ ዴቪድ ስሌድ የሠራው፣ ፈጠን ያለ ፊልም ነው። ጦርነት አለው። ቤላን የምታሳድደውን ቫምፓየር ቪክቶሪያን የምትጫወተዋ ተዋናይ ስለተቀየረች ግራ አይግባችሁ፤ ራሼል ሌፌቨር ወጥታ ብራይስ ዳላስ ሃዋርድ ገብታለች።

«ኒው ሙን» የሚያልቀው ኤድዋርድ «አግቢኝ» ብሎ ሲጠይቃት ነው። መልሷን አንሰማም። በቀጣዩ ፊልም ቶሎ እሺ አትልም፤ ትዳር ብዙ ጊዜ በፍቺ ያልቃል ትላለች። ሁለተኛውን ዘሎ የመጣ ተመልካች ይህን ብቻ ሰምቶ ያልፋል። ያንን ወንበር ያየ ግን ሌላም ምክንያት እንዳላት ይጠረጥራል።